«ውሃውን ደፍቼ ምን ልጠጣ?»

በ2014 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ግቢ ገባሁ። እጄ ላይ ወረቀት አለ። ከኋላዬ ነጭ ጋዋን የለበሱ አራት ተማሪዎች ቆመዋል። የቤቱን እናት እንደ ሰፈሩ ልማድ «አዴ» አልኳቸውና በርሜላቸውን እያሳየሁ፣ «ይሄ ውሃ ቢምቢ ያራባል፣ መደፋት አለበት» አልኩ።

አዴ አልተቆጡም። ወደ በርሜሉ ሄደው እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጫኑ።

«ልጄ፣ ውሃ ከመጣ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ይሄን ደፍቼ ምን ልጠጣ?»

መልስ አልነበረኝም። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ስለ ቢምቢ ለሁለት ሰዓት ሳላቋርጥ ማውራት እችላለሁ። ውሃ በተራ በሚጠበቅበት ግቢ ውስጥ ቆሞ «ድፉት» ማለት ምን እንደሆነ ግን አላሰብኩበትም ነበር። እኔ ራሴ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ ነው ያደግኩት። እናቴ ግቢ ውስጥም ሁለት በርሜል አለ። እናቴን «ድፊው» እላት ነበር? አልላትም። ወረቀት ይዤ ስወጣ ነው እንዲህ ያለ ነገር የማወራው። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። በዩኒቨርሲቲ የምትሠሩ ሰዎች ከተማችሁ ላይ ችግር ሲመጣ በር ማንኳኳታችሁ አይቀርም። እኛ የተማርነውን ከወዲሁ ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያን ዓመት ምን ሆኖ እንደነበር ላስታውስ። ወባ ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለችም። የለመድናት ግን ከዝናብ በኋላ ነው። በበጋ ሰው አጎበሩን አጥፎ ያስቀምጣል፤ በዚህ ሙቀት ደጅ የሚተኛም ብዙ ነው። በ2014 ከጥር ጀምሮ ነገሩ ተገለበጠ። ዝናብ የለም፣ ወንዙ ደርቋል፣ የወባ ታማሚ ግን በየጤና ጣቢያው ይሰለፋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከዶርም እየታመሙ ወጡ። በፈረንጆቹ 2019 በሙሉ ዓመቱ በከተማዋ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022፣ ማለትም በእኛ 2014፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በለጠ።

ምክንያቱን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ዶክተር ፍጹም ታደሰና ባልደረቦቹ አጠኑት። በታማሚዎቹ ቤት አካባቢ ያገኟት አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ቢምቢ ናት። የደቡብ እስያና የዓረብ አገሮች ቢምቢ ነበረች። በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ታየች፣ በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኘች። እኛ የምናውቃት የወባ ቢምቢ ረግረግና የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች። ይህችኛዋ ግን የከተማ ናት። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ሰው ውሃ ካጠራቀመ ለሷ በጋ ክረምት የለም።

ስለዚህ ጉዳዩ በቀጥታ ከሰው በርሜል ጋር ነው። በርሜሉ ደግሞ ያለው ከሰው ቤት ጀርባ ነው። ባለቤቱ ካልፈቀደልህ አታየውም።

ገንደ ቆሬ ከመሄዳችን በፊት አንድ ስብሰባ ጠርቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ተዘጋጅቼበታለሁ። አዳራሽ አስፈቀድኩ፣ ባነር አሠራሁ፣ ውሃና ብስኩት ተገዛ። ሰዓቱን ከቀኑ ስምንት ሰዓት አደረግኩት። ድሬ ላይ፣ በበጋ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት! ያ ሰዓት ሰው ከፀሐይ የሚሸሽበት፣ ግማሹ የሚተኛበት፣ ግማሹ በርጫ ላይ የሚቀመጥበት ነው። ይሄን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም፤ እኔ ግን የሥራ ሰዓት ስለሆነ ብቻ መረጥኩት። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ሰባቱ የኛው ሠራተኞች ነበሩ።

ከመጡት አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እጃቸውን አወጡ። ስለ ወባ የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። የተናገሩት ስለ ጎርፉ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላ በኩል መጋላ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ሌሊት በዚያ አሸዋ ላይ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ሰው በተኛበት ነው የተወሰደው። እስካሁን ሰማዩ በደጋው በደንገጎ በኩል ሲጠቁር ስልክ እያነሳ ዘመዱን «የት ናችሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው።

ሽማግሌው እንዲህ አሉ። «ከጎርፉ በኋላ ስንት የተማረ ሰው መጣ። ስም ጻፈ፣ የሞተብንን ቆጠረ፣ ቤታችንን ለካ። ምን አገኘ? የነገረን የለም። ትመጣላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። አሁንም ልትጽፉ ከሆነ እኔ ስሜን አልሰጥም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን «ይህኛው ፕሮጀክት የተለየ ነው» ብዬ መለስኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ።

እሳቸው ያሉትና አዴ የጠየቁኝ አንድ ነገር መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኛ የምንሄደው ከሰው ለመውሰድ ወይም ለሰው ትእዛዝ ለመስጠት ነው። መረጃ እንወስዳለን፣ «አድርጉ» እንላለን። ያየነውን አብረን አናይም፣ ያገኘነውን መልሰን አንናገርም። የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራ ሦስት እግር አለው ይባላል፦ ማስተማር፣ ምርምር፣ የማህበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛው በብዙ ቦታ ዓመት ጠብቆ የሚደረግ ዘመቻ ሆኗል። ቲሸርት ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ችግር ሲመጣ ሰው የሚያስታውስህ በዚያ ፎቶ አይደለም።

እንግዲህ እንደገና ጀመርን።

ጋዋኑን አወለቅን። ወረቀቱን ለመጀመሪያው ሳምንት ቢሮ ተውነው። የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፈልገን «አንቺ ምሪን» አልናት። በየትኛው ግቢ ሐዘን እንዳለ፣ የትኛው ቤት አራስ እንዳለች፣ ማን ቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት የምታውቀው እሷ ናት። ሰዓቱን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል አደረግነው።

ቋንቋው ሌላ ችግር ነበር። ተማሪዎቼ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከወላይታ የተመደቡ ልጆች ናቸው። በሄድንበት ግቢ ሁሉ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራል። አማርኛ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው፤ ግን ሰው ስለ ልጁ ትኩሳት በሁለተኛ ቋንቋው ሲያወራ ያሳጥረዋል፤ ዋናውን ትቶ «ደህና ነው አሁን» ይልሃል። በራሪ ወረቀት በሦስት ቋንቋ ልናሳትም አስበን ነበር። የሰፈሩ ልጅ የሆነ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሰምቶን፣ «አቦ ወረቀቱን ተወው፣ እኔ ልናገርላችሁ» አለን። ሦስቱንም ቋንቋ አፉን እንደፈታበት ይናገራል። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት አብሮን ይዞር ጀመር። የዋለበትን በየቀኑ ከፈልነው። ይሄ ይሰመርበት። ሰው እንጀራውን ትቶ ሲያግዝህ «በጎ ፈቃደኛ» ብለህ ማለፍ ልክ አይደለም።

አዴ ቤት ተመልሰን የሄድነው በዚህ አኳኋን ነው። አሁን የያዝኩት ባትሪ፣ ጭልፋና ነጭ የላስቲክ ሳህን ነው።

«አዴ፣ አንደፋም። ብቻ አንዴ አብረን እንየው» አልኩ።

ክዳኑን ከፈቱ። ከላይ ሲታይ ውሃው ኩልል ያለ ነው። ባትሪውን ከጎን አበራሁ። ጥላው ሲያርፍበት እጮቹ ወደ ታች ሸሹ። ትንሽ ጠበቅን። ተመልሰው ወጡ። በጭልፋ ቀስ አድርጌ ቀዳሁና ሳህኑ ላይ ገለበጥኩት። ነጭ ሳህን ላይ ሁሉም ነገር ይታያል። የሩዝ ፍሬ የማያክሉ፣ ጥቋቁር ክር የመሰሉ ነገሮች ይወራጫሉ። የልጅ ልጃቸው፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፊቷን ሳህኑ ላይ ደፋች።

እዚህ ላይ ማንም ሊማረው የሚችል ምልክት አለ። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈዋ ቢምቢ እጭ ከውሃው ፊት ላይ በጅራቷ ተንጠልጥላ ትቆማለች፣ ራሷ ወደ ታች ነው። የወባዋ እጭ ደግሞ ውሃው ላይ ጋደም ብላ ትንሳፈፋለች። ልጅቷ ይሄን አንዴ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ጣቷን እየቀሰረች «ይቺ ተኝታለች፣ ይቺ ተሰቅላለች» እያለች ቆጠረችልን። አዴ በርሜል ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ፣ በ2011 ማብቂያና በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ቺኩንጉንያ ሲያምሳት ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ በየቤቱ ሲያቃስት የነበረው በተሰቀለችዋ ነው። ያኔም ውሃው ከዚያው ከበርሜል ነበር።

በሳህኑ ላይ ወደ ትልቅ ቢምቢ ሊለወጡ የደረሱም ነበሩ፤ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሙሽሬ የምንላቸው። ራሳቸው ትልቅ፣ ጅራታቸው የታጠፈ ነው። አምስት ስድስቱን ከነውሃው ጠርሙስ ውስጥ ከተትንና አፉን በሻሽ ቁራጭ አስረን እዚያው ቤታቸው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። «በሦስተኛው ቀን እንመጣለን» አልናቸው።

በሦስተኛው ቀን ስንሄድ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ጠርሙሱ ውስጥ አራት ቢምቢ አለ። አንዷ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ቂጧን ወደ ላይ ቀስራ ቆማለች፤ የወባ ቢምቢ አቋቋም እንዲያ ነው። አዴ ጠርሙሱን ለጎረቤት እያዞሩ ነበር። «ከኔው በርሜል ነው የወጣው» ይላሉ በኦሮምኛ፤ የባጃጁ ልጅ ነው የተረጎመልኝ። አዳራሽ ውስጥ ያሳየሁት ስላይድ ሁሉ ያን ጠርሙስ አያክልም። «ታዲያ እነዚህ ወባ አለባቸው?» ብለው ጠየቁ። የለባቸውም። ቢምቢ ወባ ይዛ አትወለድም። በመጀመሪያ የታመመ ሰው መንከስ አለባት፣ ከዚያም ተህዋሱ ሆዷ ውስጥ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ሲያተኩሰው ቶሎ መመርመሩና መድኃኒቱን መጨረሱ ጎረቤቱንም ያድናል። ይሄን ሳልጠየቅ ባወራው የሚሰማኝ አልነበረም። እሳቸው ሲጠይቁ ግን ግቢው በሙሉ ጆሮውን ሰጠ።

መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። እኔ ያልኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ቢምቢዋ እንዳትገባ አፉ ይሸፈን። ሁለተኛ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ በርሜሉ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ግድግዳው በደንብ ይፈተግ፤ የዴንጊዋ ቢምቢ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደርቆ ወራት ይቆያልና። ቆርቆሮ ክዳን አይበቃም፣ ጠርዙ ላይ ክፍተት አለው። በምን ይታሰር? አንዷ ጎረቤት የተቀደደ አሮጌ አጎበር አመጡ። ውሃ በጎማ ሲሞላ በላዩ ያልፋል፣ ቢምቢ አታልፍም። ማሰሪያው ግን ይላላ ነበር። የባጃጁ ልጅ ሄዶ ከጎሚስታ አሮጌ ካላማዳሪ አመጣ። በቀጭኑ ቀለበት ቀለበት አድርገን ቆረጥነው። በርሜሉን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ጎሚስታው በኋላ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ማዳበሪያ ሙሉ ሰጠን። ያ የካላማዳሪ ቀለበት በሁለት ወር ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ሄደ። እኛ ያልረገጥነው ግቢ ውስጥ ሁሉ አይቼዋለሁ።

ሁሉም በር ግን አልተከፈተም። በአንድ ሰፈር አንድ ወጣት መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ቢምቢውን እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት» አለን። ከተማሪዎቹ አንዱ ሊሳለቅበት ሲል ያዝኩት። ወጣቱ ያየው ነገር ነበር። ከሰው ግቢ በጠርሙስ እጭ ቀድተን፣ ቦርሳ ውስጥ ከተን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ስንገባ አይቶናል። ምን ያድርግ? በኮሮና ጊዜም ወሬው እንዲሁ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከጅቡቲ ለሚመለሱ ሰዎች ለይቶ ማቆያ ሲሆን፣ ከአጥሩ ውጪ ያለ ሰው ውስጥ ምን እንዳለ አያይም፤ ያላየውን በራሱ ግምት ይሞላዋል። ወሬን በማስተባበያ አታቆመውም። ቦርሳውን ትከፍተዋለህ።

ወጣቱን «ቅዳሜ ጠዋት ና፣ የምታምነውን ሰውም ይዘህ ና» አልኩት። ስድስት ሆነው መጡ። ቤተ ሙከራ አስገባናቸው። የወሰድነው እጭ የት እንዳለ፣ በማን ግቢ ስም እንደተመዘገበ፣ ሲያበቃ እንዴት እንደሚገደል አሳየናቸው። በማይክሮስኮፕ አዩ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠየቁ፤ አንዳንዱን አላውቀውም ነበር፣ «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» አልኩ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ነገርኳቸው። ያ ወጣት በኋላ የሠራልንን ሥራ ማንም አልሠራልንም። በሰፈሩ ሁለት ትልልቅ ግንባታዎች ነበሩ፤ ለኮንክሪት ማጠጫ ውሃ በፕላስቲክ የተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅማሉ። ለኛ ፎርማኖቹ በር አልከፈቱም። ለሱ ከፈቱ፤ ወንድሙ እዚያ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ግንቦት ላይ ያገኘነውን ሁሉ ይዘን በየሰፈሩ ዞርን። ወረቀት አላባዛንም። ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሰው ደጅ ምንጣፍ ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ እኛም አብረን ተቀመጥን። «እዚህ ሰፈር ይህን ያህል በርሜል አየን፣ በዚህን ያህሉ እጭ ነበር፣ ከተሸፈነ በኋላ ይህን ያህል ቀረ» አልን። ያልሠራውንም ተናገርን፤ ከፍ ያሉትን ሮቶዎች ብዙዎቹን አልደረስንባቸውም ነበር። ሽማግሌውን ፈልጌ ቤታቸው ሄድኩ። የየካቲቱን ይቅርታ ግንቦት ላይ ጠየቅኩ። ቡና ተፈላ። «እንግዲህ ስሜን ጻፈው» አሉኝ።

አንዳንድ ነገር ዛሬ ቢሆን በሌላ መንገድ እሠራዋለሁ። ተማሪዎቹ ተመረቁና ሄዱ፤ ከነሱ ጋር የሰፈሩ እውቀት ሄደ። አሁን ሥራውን ከኮርሱ ጋር አያይዘነዋል፣ ውጤት ይያዝበታል፣ ሦስተኛ ዓመቱ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ይዞራል፣ የቤቱን ሰው በአካል ያስተዋውቃል። ደግሞም ትውውቁ ችግር ሲመጣ መጀመር የለበትም። በሰላሙ ጊዜ ሐዘን ያልደረስክበት እድር፣ በክፉ ቀን «ስሙኝ» ስትለው በምን ያውቅሃል? ይሄ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዳገቱን ወጥተን ሐረማያ ብንሄድ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን ሦስቱም አንድ ላይ ተሰጥተውት ነበር። ኤክስቴንሽኑ በ1963 እ.ኤ.አ. ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ። ገበሬው ጋ ወርዶ አብሮ ማየት ከመጀመሪያውም የመምህሩ ሥራ ነበር ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፤ አዝኛለሁም።

ትናንት ማታ አዴ ደወሉልኝ። ከግቢያቸው ጀርባ አዲስ ግንባታ ተጀምሯል። ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተውበታል። የልጅ ልጃቸው ባትሪ አብርታ አይታዋለች።

«ተኝተዋል ትላለች፣ አልተሰቀሉም» አሉኝ። «ነገ በጠዋት ና። ሳህኑን እንዳትረሳ።»

አንድ ሰዓት ላይ እንገናኛለን ብያቸዋለሁ። የባጃጁን ልጅ ደውዬ ነግሬዋለሁ።